ሕመሙ ከራስ፣ ምልክቱ ከእግር

ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ተቋጥሮ በሕፃንነቱ ቱቦ የተቀበረለት ልጅ ያላቸው ወላጆች ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጣቸው ምክር ተመሳሳይ ነው። «ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ያለ ሰዓቱ እንቅልፍ ከጣለው ሳትውሉ ሳታድሩ ይዛችሁት ኑ» ይባላሉ። ምክሩ ትክክል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የቱቦው መበላሸት የሚታወቀው በእነዚሁ ምልክቶች ነው። ነገር ግን ጥቂት ልጆችና ወጣቶች ሕመሙ በሌላ በር ይመጣባቸዋል። ቱቧቸው ተደፍኖ ሳለ ራሳቸውን አያማቸውም፣ አያስመልሳቸውም። የሚከዳቸው እግራቸው ነው፤ አለያም እጃቸው ይዝላል፣ ሽንታቸው ያመልጣቸዋል፣ ጀርባቸው ይጣመማል። ቤተሰቡ ይህን ከጭንቅላት ጋር አያገናኘውም። ሐኪሙም ቢሆን የቀድሞው ታሪክ ካልተነገረው እግርና ወገብ ብቻ መርምሮ ሊሸኝ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ልናወሳ የወደድነው ይህንኑ ብዙ ያልተነገረለትን ጉዳይ ነው። ሕመሙ ብዙ ሰው የሚገጥመው አይደለም። የገጠመው ቤተሰብ ግን ቀድሞ ካወቀው የልጁን እግር ሊያተርፍ ይችላል።

ለመሆኑ ውሃው ከየት ይመጣል?

አንጎልና ሕብለ ሰረሰር (ይኸውም ከአንጎል ተነስቶ በጀርባ አጥንት ውስጥ ወደ ታች የሚወርደው የነርቭ ገመድ) እንደ ምንጭ ውሃ በጠራ ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፈው ይኖራሉ። ፈሳሹ የሚመነጨው በአንጎል ውስጥ ካሉ አራት ጓዳዎች ነው። በአዋቂ ሰው ዘንድ በአንድ ጊዜ የሚገኘው መጠን 150 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን፣ በቀን የሚመረተው ግን ግማሽ ሊትር ገደማ ነው። እንግዲህ ፈሳሹ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው። አዲሱ ሲመነጭ አሮጌው ወደ ደም መመለስ አለበት። ከአንዱ ጓዳ ወደ ሌላው በቀጫጭን መተላለፊያዎች ያልፋል፤ ከአራተኛውና ከመጨረሻው ጓዳ ወጥቶ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ከውጭ ያጥባል፤ በመጨረሻም ወደ ደም ሥር ይገባል።

ከእነዚህ መተላለፊያዎች አንዱ ቢዘጋ ምንጩ አይቆምም፤ ውሃው ይጠራቀማል። ሐኪሞች ሃይድሮሴፋለስ የሚሉት ይህንን ነው። የራስ ቅሉ ገና ያልገጠመ ሕፃን ጭንቅላቱ ያድጋል፣ እርግብግቢቱ ይወጠራል፣ ዓይኖቹ ወደ ታች ያዘቀዝቃሉ። መንስኤው አንዳንዴ አብሮ የተወለደ ችግር ነው፤ አንዳንዴም ማጅራት ገትር ወይም ወደ አንጎል ሽፋን የገባ የሳንባ ነቀርሳ ትቶት የሚሄደው ጠባሳ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ጀርባቸው ላይ ተከፍተው ከሚወለዱ፣ ማለትም ስፓይና ቢፊዳ ካለባቸው ሕፃናት ብዙዎቹ ይህ ችግር አብሯቸው ይኖራል።

የሁለት አባቶች ነገር

ለውሃው መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ቀጭን ቱቦ ከአንጎል ጓዳ ተነስቶ በቆዳ ሥር በአንገትና በደረት በኩል ወርዶ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ትርፉን ፈሳሽ እዚያ ያፈሳል፤ ሰውነትም መልሶ ይመጠዋል። በሕክምናው ቋንቋ ስሙ ሸንት ነው። እኛ ግን ቃሉ ከሌላ የታወቀ ቃል ጋር በአንዲት ፊደል ብቻ ስለሚለይና በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱም ስለሚነሱ፣ ቱቦ ማለቱን መርጠናል።

ቱቦው ብቻውን ምንም አይረባም። ፈሳሹን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ፣ ግፊቱ ሲበዛ የሚከፈትና ሲቀንስ የሚዘጋ ቫልቭ ያስፈልገዋል። ዛሬ በመላው ዓለም ሕፃናት ራስ ላይ ያለው የዚህ ቫልቭ ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ አባት ነው። ጆን ሆልተር በአሜሪካ የማሽን ሠራተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለደው ወንድ ልጁ የጀርባ ክፍተትም የጭንቅላት ውሃም ነበረበት። በዚያን ጊዜ የነበሩት ቫልቮች በየጊዜው ይበላሹ ስለነበር፣ አባትየው ከሐኪሙ ከዩጂን ስፒትስ ጋር ተነጋግሮ በገዛ እጁ ሠራ። በ1956 ከሲሊኮን የተሠራው የሆልተር ቫልቭ ሥራ ላይ ዋለ።

ሁለተኛው አባት እንግሊዛዊው ደራሲ ሮአልድ ዳል ነው። በታኅሣሥ 1960 በኒውዮርክ ከተማ የአራት ወር ልጁ የተኛበትን የሕፃን ጋሪ ታክሲ ገጨው። ሕፃኑ ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ተቋጠረ፤ የተገባለት ቱቦም ደጋግሞ ይደፈን ጀመር። ዳል ለሞዴል አውሮፕላን ትንንሽ ፓምፖችን ይሠራ የነበረውን መሐንዲስ ስታንሊ ዌድንና የቀዶ ሕክምና ሐኪሙን ኬኔት ቲልን አገናኘ። ሦስቱ በ1962 ያወጡት ቫልቭ የዳል ልጅ ሳያስፈልገው ቀርቶ፣ ለ3,000 ያህል ሌሎች ልጆች አገለገለ። ሁለቱም አባቶች የተነሱበት ምክንያት አንድ ነበር፤ ቱቦው እየተበላሸ አስቸገራቸው።

ያ ችግር ዛሬም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱ የወጣ በልጆች ላይ የተካሄደ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ ቱቦ ከተገባላቸው 100 ልጆች በ40ዎቹ ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ ይበላሻል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ደግሞ ከግማሽ በላይ ይደርሳል። አሮጌው ዓይነት ቫልቭም ሆነ አዲሱ ብዙ ልዩነት አላሳየም። ቱቦው በአንጎል ሥጋ ወይም በደም ይደፈናል፣ ይመረቅዛል፣ ልጁ ሲያድግ ያጥራል፣ ወይም ዓመታት ሲቆይ እንደ ኖራ ጠጥሮ አንገት አካባቢ ይሰበራል። ከባድ የሆድ ድርቀት እንኳ የሆድን ግፊት ጨምሮ ፈሳሹ እንዳይወርድ ሊያደርግ ይችላል። ይህን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም። ቱቦ ያለው ልጅ ቢድንም ክትትሉ የዕድሜ ልክ መሆኑን ብዙ ቤተሰብ ስለሚዘነጋው ነው። ስድስት ሰባት ዓመት በሰላም ካለፈ በኋላ ሆስፒታል መመላለሱ ይቀራል፤ ልጁም ቱቦ እንዳለው ይረሳል።

ውሃው ወደ ታች ሲሄድ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በሕብለ ሰረሰር መሀል ከላይ እስከ ታች የሚዘልቅ እጅግ ቀጭን መስመር አለ። በፅንስነት ጊዜ ክፍት ሆኖ ከአራተኛው የአንጎል ጓዳ ጋር የተገናኘ ነው፤ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከጊዜ በኋላ ይጠባል፣ ይዘጋል። አንዳንድ ሰዎች ዘንድ ግን፣ በተለይ ጀርባቸው ተከፍቶ በተወለዱት ዘንድ፣ ግንኙነቱ ይቀራል።

ቱቦው ሲደፈን ውሃው መውጫ ይፈልጋል። ከአራተኛው ጓዳ ወደ ታች በር ካገኘ በዚያ ቀጭን መስመር ሰርጎ ሕብለ ሰረሰሩን ከውስጥ ይነፋዋል። ሐኪሞች ይህንን በነርቭ ገመዱ ውስጥ የሚፈጠር የውሃ ከረጢት ሲሪንጎማይሊያ ይሉታል። ራስ ምታት የሚጠፋበትም ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ሕብለ ሰረሰሩ ለአንጎል እንደ ማስተንፈሻ ሆኖ ያገለግላል፤ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን የነርቭ ገመዱ ነው። በሲቲ ስካን ሲታይ የአንጎሉ ጓዳዎች ከቀድሞው ብዙም ሳይሰፉ ሊገኙ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ «ቱቦው ደኅና ነው» ተብሎ መመለስ አለ።

ሌላም መንገድ አለ። ማጅራት ገትር ወይም የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ የአራተኛውን ጓዳ መግቢያም መውጫም ሊዘጋው ይችላል። ያኔ ላይኛው ቱቦ በትክክል እየሠራ እንኳ ይህ ጓዳ ብቻውን ታፍኖ ይነፋል። አጠገቡ የመዋጥን፣ የመተንፈስንና ሚዛን የመጠበቅን ሥራ የሚመሩ ነርቮች ስላሉ፣ ልጁ ሲውጥ ያንቀዋል፣ ሲራመድ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ድምፁ ይሰልላል።

ጀርባቸው ተከፍቶ ተወልደው በቀዶ ሕክምና የተዘጋላቸው ልጆች ጉዳይ የበለጠ ስውር ነው። እነርሱ ቀድሞውንም እግራቸው ደካማ፣ የሽንት ፊኛቸውም የማይታዘዝ ሊሆን ይችላል። ድካሙ ቢጨምር «ያው የድሮው ነው» ይባላል። በተጨማሪም ሲያድጉ ሕብለ ሰረሰሩ ከጀርባው ጠባሳ ጋር ተጣብቆ የሚሳብበት ሌላ የታወቀ ችግር አለ፤ ምልክቶቹም ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። ስለሆነም የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች አንድ ሕግ አላቸው፤ እንዲህ ያለ ልጅ እግሩ ወይም ሽንቱ ከተለወጠ፣ ጀርባው ከመነካቱ በፊት መጀመሪያ ቱቦው ይፈተሻል። ቱቦው ተቀይሮለት ብቻ የሕብለ ሰረሰሩ እብጠት የጎደለለት፣ የእግሩ ጉልበት የተመለሰለት ልጅ ታሪክ በሕክምና መጽሔቶች ተደጋግሞ ተጽፏል። በሽታው የቆየበት ግን እብጠቱ ቢጎድልም የተጎዳው ነርቭ ሁልጊዜ አይመለስም። የጊዜው ነገር የሚያሳስበን ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥ ምን ይታያል?

እዚህ ላይ ሐኪም የማያየውን እናትና አባት፣ ታላቅ እህትና ወንድም ያያሉ። ለውጡ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ግን ዓይን ይለምደዋል።

ጫማን እንውሰድ። የአንድ እግር ጫማ ጫፉ ከሌላው ቀድሞ ከተበላ፣ ልጁ እግሩን መጎተት ጀምሯል ማለት ነው። ጀለቢያው ወይም ቀሚሱ በአንድ በኩል አጥሮ፣ በሌላው ረዝሞ ከታየ ልብሱ አልተጣመመም፤ ምናልባት ጀርባው ነው። በአጭር ጊዜ የመጣ የጀርባ መጣመም በእነዚህ ልጆች ላይ ከቱቦ መበላሸት ምልክቶች አንዱ ሊሆን ይችላል።

ሶላት የጀመረ ልጅ ካለ፣ በቀን አምስት ጊዜ ከወላጁ ጎን እየቆመ፣ እየጎነበሰ፣ እየተነሳ ነው። ከሱጁድ ሲነሳ መሬቱን በእጁ መግፋት ከጀመረ፣ ወይም ሲቆም እግሮቹ እየደረቁ ከተንቀጠቀጡ፣ በስንፍና ተቆጥቶ ማለፍ አይገባም። ዉዱኡ ቶሎ ቶሎ የሚፈርስበት፣ ቀድሞ የሚቆጣጠረውን ሽንት መያዝ ያቃተው ልጅም እንዲሁ። ይህ ዓይነቱ ነገር በተለይ ጎረምሶችንና ልጃገረዶችን ስለሚያሳፍራቸው ይደብቁታል፤ ልብሳቸውን በድብቅ ያጥባሉ፣ ከመድረሳና ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። እናት በዘዴ ብትጠይቅ እንጂ አይናገሩም።

የእጅ ነገር ደግሞ ልዩ ነው። የውሃው ከረጢት በአንገት በኩል ባለው የሕብለ ሰረሰር ክፍል ሲሆን መጀመሪያ የሚጠፋው የሕመምና የሙቀት ስሜት ነው። መንካት ይሰማል፤ ማቃጠል አይሰማም። ቡና የምታፈላ ልጅ የጋለውን ጀበና ይዛ ሳይሰማት እጇ ውሃ ከቋጠረ፣ «እንዴት አላወቅሽም?» ብሎ ከመገሠጽ ጠጋ ብሎ ማየት ነው። ቁልፍ መቆለፍ የሚያስቸግረው፣ የእጅ ጽሑፉ በጥቂት ወራት የተበላሸ፣ የአውራ ጣቱ ሥጋ እየሟሸሸ የሄደ ልጅም ከዚሁ ይመደባል። አንገቱንና በትከሻዎቹ መካከል የሚያመው፣ ሲያስል ወይም ሲያስነጥስ ሕመሙ የሚብስበት አለ። ጀርባው ላይ በሕፃንነቱ የተሰፋው ጠባሳ በድንገት ማበጥ ወይም ጥርት ያለ ውሃ ማፍሰስ ከጀመረ ግን ነገ የሚባል የለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የማነቅ፣ የመተንፈስ ችግርና እንቅልፍ የመሰለ መፍዘዝም እንዲሁ ናቸው።

ሲበዛም ይጎዳል

እስካሁን ያወሳነው ቱቦው ስለ መደፈኑ ነው። ተቃራኒውም አለ፤ ውሃውን ከልክ በላይ የሚያፈስ ቱቦ። ይህኛው ይበልጥ ብርቅ ነው፤ ቢሆንም አሠራሩ የሚያስደንቅ በመሆኑ ሳንጠቅሰው ማለፍ አልወደድንም።

የራስ ቅል የማይሰፋ የማይጠብ ዕቃ ነው። በውስጡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ አንጎል፣ ደምና ውሃ። ውሃው ከጎደለ ቦታው ባዶ ሊቀር አይችልምና ደም ይሞላዋል። ደም መልሶች እየተለጠጡ ይሄዳሉ። በአንገት አጥንት ውስጥ በሕብለ ሰረሰሩ ዙሪያ ያሉ ደም መልሶች አብረው ሲያብጡ፣ በዚያ ጠባብ ቦታ የነርቭ ገመዱን ይጫኑታል። በሽተኛው ቱቦ ከተገባለት ከዓመታት በኋላ አራቱም እጅና እግሩ እየደከሙ ይመጣሉ። ሚያዛኪ የተባሉ ጃፓናዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ይህንን እ.ኤ.አ. በ1998 ስለገለጹት በስማቸው የሚጠራ ሆኗል። በኤም አር አይ ሲታይ ያበጠው ደም መልስ ዕጢ ሊመስል ይችላል። ሕክምናው ግን ዕጢ ማውጣት አይደለም፤ ቫልቩን ማጥበቅ ወይም መቀየር ነው። አንድ ዓይነት የእግር ድካም በአንዱ ሰው ቱቦውን መክፈት፣ በሌላው ማጥበቅ የሚጠይቅ መሆኑን ያስተውሏል። ያለ ምርመራ በግምት የሚሠራ ሥራ አይደለም።

የሚባክነው ጊዜ

በአካባቢያችን እግሩ በድንገት የከዳ ልጅ ሲታይ ጂን ነካው፣ ዓይን በላው ማለት የተለመደ ነው። ሩቅያ የሚያስቀራ አለ፣ ወገቡን የሚያሳሽ አለ። ቁርኣን ማስቀራትን የሚከለክል የለም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድንም የሚከለክል የለም። ሁለቱ እየተጠባበቁ የሚሄዱ ሳይሆኑ በአንድ ቀን የሚሆኑ ናቸው። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ አንገትንና ጀርባን ማሳሸትን በተመለከተ ግን አንደባብቅም፤ ቱቦ ያለበትን አንገት፣ ውሃ የቋጠረን ሕብለ ሰረሰር ማሸትና ማንቋቋት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ሌላው ጊዜ የሚበላው ነገር መደበቅ ነው። ልጁ ቱቦ እንዳለው ለትምህርት ቤት፣ ለጎረቤት፣ አንዳንዴም ለራሱ ለልጁ አይነገርም። በተለይ ለልጃገረድ «ነገ ትዳር እንዳይከለክላት» ይባላል። ጭንቀቱ ይገባናል። ነገር ግን ቱቦ እንዳላት የማታውቅ ወጣት እግሯ ሲደክም ለሐኪም ምን ብላ ትናገራለች? ያገባችና የፀነሰች እንደሆነም የሆዷ ግፊት ሲጨምር ቱቦው ሊታወክ ስለሚችል፣ የእርግዝና ክትትል የሚያደርግላት ባለሙያ ማወቅ አለበት። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ስለ ራሳቸው ሕመም በስሙ ጠርተው መናገር እንዲችሉ ማድረግ የወላጅ ድርሻ ነው።

ወደ ሆስፒታል ስንሄድ

በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሐኪም ማግኘት ለብዙ ዘመን ብርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በአገር ውስጥ ከተጀመረ ወዲህ ግን ቁጥራቸው አድጓል፤ በአዲስ አበባ ከጥቁር አንበሳ ሌላ በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ትልልቅ ከተሞች አገልግሎቱ ይሰጣል። ከገጠር የሚመጣ ቤተሰብ አሁንም ረጅም መንገድ እንደሚጠብቀው አይካድም። ስለዚህ ሲመጣ ባዶ እጁን ባይመጣ ይመረጣል። ልጁ ደኅና በነበረበት ጊዜ የተነሳው የሲቲ ስካን ፊልም ትልቅ ሀብት ነው። ሐኪሙ የዛሬውን ከዚያ ጋር አስተያይቶ ጓዳዎቹ መስፋት አለመስፋታቸውን የሚያውቀው በእርሱ ነውና። ፊልሙ በሣጥን ሥር ታጥፎ ሳይሆን ሳይተጣጠፍ ይቀመጥ። የተቀየረበት ቀን፣ የቫልቩ ዓይነት፣ ያደረገለት ሆስፒታል ስም በአንድ ካርድ ላይ ይጻፍ። ከዚያም ለሐኪሙ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «እግሩን አሞታል» ሳይሆን «ጭንቅላቱ ውስጥ ቱቦ አለው፤ አሁን እግሩ ደክሟል» ይሁን። የራስ ብቻ ሳይሆን የጀርባም ኤም አር አይ ያስፈልገው እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ቱቦ ሳይገባ ውሃውን መልቀቅም ይቻላል። በኡጋንዳ ምባሌ ከተማ አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ቤንጃሚን ዋርፍ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በቀጭን መመልከቻ መሣሪያ ከሦስተኛው ጓዳ ሥር ቀዳዳ እየከፈቱ፣ ውሃ አመንጪውን ሕዋስ በከፊል እየተኮሱ ብዙ ሕፃናትን ከቱቦ ጥገኝነት አውጥተዋል። ዘዴው ለሁሉም አይሆንም፤ የተከፈተው ቀዳዳም ከጊዜ በኋላ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ከላይ የዘረዘርናቸው ምልክቶች ቱቦ ለሌለው ለዚህ ልጅም ይሠራሉ።

ለሚፀንሱ እህቶች ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። የጀርባ ክፍተት የሚፈጠረው ከፅንሰት በኋላ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት፣ ብዙ ጊዜም ሴቷ መፀነሷን ሳታውቅ ነው። ፎሊክ አሲድ የተባለው ክኒን በቀን 400 ማይክሮ ግራም ከመፀነስ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ተጀምሮ እስከ ሦስት ወር ቢወሰድ ችግሩን በብዙ ይቀንሰዋል። ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ግን የሚያስፈልጋት መጠን አሥር እጥፍ ስለሆነ ከመፀነሷ በፊት ሐኪም አማክራ ትጀምር። ክኒኑን ከሦስተኛው ወር በኋላ በክትትል ጊዜ መቀበል ለዚህ ጉዳይ ዘግይቷል።

በመጨረሻም፣ በውጭ አገር የታከሙ ልጆች አንዳንዶቹ ከውጭ በማግኔት የሚስተካከል ቫልቭ አላቸው። የኤም አር አይ መሣሪያ ራሱ ብርቱ ማግኔት ስለሆነ የአንዳንዶቹን ልክ ያዛባዋል። እንዲህ ያለ ቫልቭ ያለው ልጅ ከኤም አር አይ ሲወጣ፣ ወደ ቤት ከመሄዱ በፊት የቫልቩ ልክ እንዲታይለት ወላጆች ይጠይቁ።